ከመጻፍ በፊት ማንበብ፦ የማዘርቦርድ ባዮስ ለምን ይበላሻል? በምንስ ይድናል?

ላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ቦርዱ ሞቷል፣ መቀየር አለበት» የሚል ነው። ባለቤቱ የቦርዱን ዋጋ ሲሰማ ተስፋ ቆርጦ ላፕቶፑን ለመለዋወጫ ሸጦት ይሄዳል። እንዲህ ከተፈረደባቸው ቦርዶች መካከል ግን አንዲት ዕቃ እንኳ ያልተቃጠለባቸው አሉ። የተበላሸው ከጣት ጥፍር በሚያንስ ባለ 8 እግር ቺፕ ላይ የሰፈረው፣ ባዮስ የሚባለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም ብቻ ነው። ቺፑ ደህና ነው፣ ቦርዱም ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ በትክክል ተመልሶ ከተጻፈ ማሽኑ ይነሳል።

ምን ይጻፍበት የሚለው ላይ ነው ችግሩ። አንድን ቦርድ በእርግጥ የሚያድነው ከዚያው ቦርድ ላይ፣ ሳይበላሽ በፊት የተነበበ ፋይል ነው። ከሌላ ማሽን የመጣ ፋይል ስክሪኑን ሊያበራው ይችላል፤ ማሽኑን ግን ወደነበረበት አይመልሰውም። ይህን ልዩነት ብዙ ባለቤት አያውቀውም፤ አንዳንድ ጠጋኝም አውቆ ያልፈዋል።

ለምን አሁን?

ባዮስ ለረጅም ጊዜ ማንም የማይነካው ነገር ነበር። «እየሠራ ከሆነ አትንካው» የሚለው የጠጋኞች ምክርም ለዓመታት ሰዎችን ከኪሳራ አድኗል። አሁን ግን ባለቤቱ ባይነካውም ሌላ ሰው ይነካዋል።

ኮምፒውተር ሲነሳ የዊንዶውስ ማስነሻ ፋይል ያልተነካካ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሴኪዩር ቡት የተመሠረተው በ2011 በወጡ የማይክሮሶፍት ሰርተፍኬቶች ላይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከሰርተፍኬቶቹ ሁለቱ የጊዜ ገደባቸው ጁን 2026 ላይ፣ የዊንዶውስን ማስነሻ የሚመለከተው ደግሞ ኦክቶበር 2026 ላይ ያበቃል። ቀኑ ስለደረሰ ኮምፒውተሩ አይቆምም፤ የሚቀርበት ለማስነሻው ክፍል የሚወጡ የደህንነት ማስተካከያዎችን መቀበል ነው። ማይክሮሶፍት በምትካቸው በ2023 የወጡትን በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚያስገባ ሲሆን፣ አዲሶቹን ለመቀበል አስቀድሞ ከአምራቹ የሚመጣ የባዮስ አፕዴት የሚያስፈልጋቸው ሞዴሎችም አሉ። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ የሚጻፈው እዚያችው ባለ 8 እግር ቺፕ ላይ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ባዮሱ ተነክቶ የማያውቅ ብዙ ማሽን ተራው ደርሶታል ማለት ነው።

ሌሎች ገፊ ምክንያቶችም አልጠፉም። በ2024 ኢንቴል በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየውን ከልክ ያለፈ የቮልቴጅ ችግር ለማረም ያወጣው ማስተካከያ ለሰው የደረሰው በባዮስ አፕዴት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ ተቃጥለው ሲገኙ፣ ቮልቴጁን 1.3 ላይ የሚገድበው መፍትሔም እንዲሁ የባዮስ አፕዴት ነበር። አፕዴት አላደርግም ማለት ራሱ ማሽን የሚያቃጥልበት ዘመን መጥቷል።

ጣጣው የሚጀምረው ከአጻጻፉ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቺፕ ጽሑፍ እንደ ፍላሽ ወይም እንደ ሃርድ ዲስክ ፋይል በቀላሉ አይተካም። አዲሱ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ቢያንስ በ4 ኪሎባይት ብሎክ ይጠፋል፤ ብሎኩ በሙሉ ኤፍኤፍ (ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) ይሆናል፤ አዲሱ የሚሰፍረው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት የሄደው በእነዚህ በሁለቱ መሃል ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ትእዛዝ የሚፈልግበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ከሌላው አገር የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። መብራት የሚሄደው ሳይነግር ነው። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ያገለገለ ሆኖ የገባው ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ከቻርጀር ሲነቀል 5 ደቂቃ አያቆየውም። አምራቾች አፕዴት ከመጀመሩ በፊት ቻርጀር መሰካቱንና የባትሪውን መጠን ያጣራሉ፤ ነገር ግን ባትሪው ሞልቷል እያለ በቅጽበት የሚወድቅ መሆኑን አያውቁም። በዚህ ላይ የባዮስ አፕዴቱ ከሌሎች አፕዴቶች ጋር ተደባልቆ መጥቶ ሪስታርት ሲደረግ በራሱ ይጀምራል፤ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ይጨልማል፤ ባለቤቱም «ስታክ አደረገ» ብሎ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል። የዚህን ሰው ጥፋት ጥፋት ብዬ መጥራት ይከብደኛል፤ ማንም አላስጠነቀቀውምና።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የመብራት አይደለም። ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የታይዋን ተማሪ የነበረው ቸን ኢንግ-ሃው የጻፈው ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች የባዮስ ቺፖችን በቆሻሻ ሞልቶ ኮምፒውተሮችን እንዳይነሱ አድርጓል፤ ሶፍትዌር ብቻውን ማሽንን ሊያወርድ እንደሚችል ብዙው ሰው ያመነው ያኔ ነው። በ2016 በአንዳንድ የኤምኤስአይ ላፕቶፖች ላይ የሊኑክስን ፋይሎች በሙሉ የሚያጠፋ ትእዛዝ የሰጡ ሰዎች፣ የባዮሱ ማስታወሻ እንደ ተራ ፎልደር ተከፍቶ ስለነበር እሱንም አብረው አጥፍተው ማሽናቸው ዳግም አልነሳም። ከሁሉ የሚገርመኝ የ2017ቱ ነው። ኡቡንቱ 17.10 በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ የነበረ አንድ የኢንቴል ድራይቨር በበርካታ የሌኖቮና የሌሎች ላፕቶፖች ላይ ቺፑን እንዳይጻፍበት ቆልፎ ትቶት ተገኘ። ማሽኑ ይነሳል፤ ባዮስ ውስጥ የተቀየረ ነገር ግን አይቀመጥም፤ ከፍላሽ ማስነሳትም አይቻልም። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል ዲሴምበር ላይ የማውረጃውን ሊንክ አንስቶ በጃንዋሪ 2018 የታረመውን አወጣ። እዚያ አንድም መብራት አልሄደም፤ አንድም ተጠቃሚ አልተሳሳተም።

ፋይሉ ውስጥ ያለው

ቺፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ይናገራል። ዊንቦንድ ደብሊው25ኪው128 የሚል ከሆነ 128 ማለት ሜጋቢት ነው፤ ለ8 ሲካፈል 16 ሜጋባይት። 64 የሚለው 8 ሜጋባይት፣ 256 የሚለው 32 ሜጋባይት ነው። ማክሮኒክስና ጊጋዲቫይስም ተመሳሳይ ቺፕ ያመርታሉ።

«ባዮስ» ብለን በጅምላ የምንጠራው ከዚህ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። የኢንቴል ቦርድ ከሆነ ፋይሉ የሚጀምረው ዴስክሪፕተር በሚባል ክፍል ነው፤ የትኛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚናገረው እሱ ነው። ቀጥሎ ባለገመድ የኔትወርክ ካርዱ የኢንቴል ከሆነ ማክ አድራሻውን (ማሽኑ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን መለያ) የያዘች ትንሽ ክፍል ትኖራለች። ከዚያ ማኔጅመንት ኤንጂን የተባለው፣ ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ የሚሠራ የኢንቴል ፕሮግራም ሰፊ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ባዮሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዝ ያለው የፋይሉ ጅራት ላይ፣ በመጨረሻዎቹ 16 ባይቶች ውስጥ ነው።

ባዮሱ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኤንቪራም የሚባል፣ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ስፍራ አለ። የሴኪዩር ቡት ሰርተፍኬቶች ያሉት እዚያ ነው። የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር፣ የሞዴሉ ስምና መለያ ኮዱም በአብዛኛው በዚሁ ቺፕ ላይ ናቸው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖበት የተሸጠ ላፕቶፕ ከሆነ የአክቲቬሽን ቁልፉም እዚሁ ነው፤ ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ይለጠፍ የነበረው ቁጥር የጠፋው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደው የባዮስ ፋይል ይህን ሁሉ ይመልሳል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ያ ፋይል ለሁሉም የሚሠራ ነው፤ የማንም ሲሪያል ቁጥር የለበትም። ብዙ ጊዜ ባዮሱን ክፍል ብቻ ይይዛል፤ ዴስክሪፕተርም ላይኖረው ይችላል። ተጨማሪ ማሸጊያና ፊርማም አለበት። መጠኑም ብዙ ጊዜ ከቺፑ መጠን ጋር አይገጥምም። እሱን እንዳለ ፕሮግራመር በተባለው የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ከቺፑ መጀመሪያ ጀምሮ መጻፍ በሽተኛውን መግደል ነው።

ማንበብ

ፕሮግራመር የሚባለው መሣሪያ ዛሬ በርካሽ ይገኛል። በጥገና ቤቶች በብዛት የሚታየው ሲኤች341ኤ የተባለውን የቻይና ቺፕ የያዘው ትንሹ ጥቁር ቦርድ ነው፤ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል፣ በሌላው ጫፉ የባዮሱን ቺፕ 8 እግር የሚቆነጥጥ ክሊፕ ይያያዝበታል። ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያለውም ፍላሽሮም በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጥቁሩ ቦርድ አንድ የታወቀ ክፉ ጠባይ አለው። ለቺፑ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ቮልት ቢሆንም የመረጃ መስመሮቹ በ5 ቮልት ይሠራሉ። ብዙ ቺፕ ይህን ችሎ አልፏል፤ ይችላል ተብሎ ግን አልተሠራም። ከዚህ የባሰው በ1.8 ቮልት የሚሠሩት ቺፖች ናቸው። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የተለመዱ ሆነዋል፤ ከባለ 3.3ቱ በዓይን አይለዩም። የሚለዩት በስማቸው ጭራ ፊደል ነው፤ ደብሊው25ኪው128 ጄቪ 3.3 ነው፣ ጄደብሊው ግን 1.8። አንድ ፊደል ሳያነቡ ክሊፕ ማድረግ ቺፑን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ቺፕሴትም ሊያስከፍል ይችላል። ለ1.8ቱ አዳፕተር አለ፤ መልቲሜትር ያለው ሰው አዳፕተሩ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ መለካት አለበት።

ሥራው ሲጀመር ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ዋናው ባትሪ ይወጣል፣ ክቧ የሲሞስ ባትሪም ትነሳለች። ቺፑ ማዕዘን ላይ ያለችው ነጥብ እግር 1ን ታመለክታለች፤ የክሊፑ ቀይ ሽቦ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የቺፑን መታወቂያ ይጠይቃል። ኢኤፍ 40 18 ብሎ ከመለሰ ዊንቦንድ፣ ባለ 3.3 ቮልት፣ 16 ሜጋባይት ነው። ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ወይም ዜሮ ብቻ ካለ ክሊፑ አልነካም፣ አለዚያም ቦርዱ እየረበሸ ነው። ከፕሮግራመሩ የሄደው 3.3 ቮልት የቦርዱን ሌሎች ክፍሎች በከፊል ያነቃቸውና እነሱም በዚያው መስመር ላይ መናገር ይጀምራሉ። ይህ ሲሆን ክሊፑን አሥር ጊዜ ከማስተካከል ቺፑን በሙቅ አየር አንስቶ ለብቻው ማንበብ ይሻላል። እግር የሌላቸው፣ ከሆዳቸው የሚበየዱ ቺፖችም አሉ፤ እነሱን ክሊፕ አይዛቸውም።

አንድ ጊዜ ማንበብ አይበቃም። ሁለተኛ ይነበባል፤ ክሊፑ ተነስቶ እንደገና ተደርጎ ሦስተኛ ቢነበብ ደግሞ ደግ ነው። ሦስቱ ፋይሎች ባይት በባይት አንድ መሆን አለባቸው። በአንዲት ባይት እንኳ ከተለያዩ ከሦስቱ አንዱም አይታመንም። መጠኑ በትክክል 16,777,216 ባይት መሆን አለበት፤ ለ8 ሜጋባይቱ 8,388,608። ከዚያ ፋይሉ ዩኢኤፍአይቱል በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይከፈታል። ክፍሎቹ በስማቸው ተዘርዝረው ከታዩ ንባቡ ተሳክቷል፤ «ምስሉ አይታወቅም» ካለ ቀድሞ የተነበበው ቆሻሻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ቢሆን ምንኛ መልካም ነበር። ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም፤ ላፕቶፑ የሚመጣው ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ ነው። ይህን ደግሜ የምጽፈው በየጥገናው ቤት ሲዘለል ስለማይ ነው፤ ጠጋኙ ከኢንተርኔት ያወረደውን ፋይል በአንድ እጁ ይዞ «ኢሬዝ» (አጥፋ) የሚለውን ይጫናል። የተበላሸው ፋይል ውስጥ የተበላሸው ብዙ ጊዜ ባዮሱ ክፍል ብቻ፣ እሱም በከፊል ነው። ሲሪያል ቁጥሩ፣ ማክ አድራሻው፣ የዊንዶውስ ቁልፉ፣ ዴስክሪፕተሩ እዚያው በጤና ተቀምጠዋል። ቺፑ ከተጠረገ በኋላ እነሱን ከየት ያመጣቸዋል? ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ የለም።

ፋይል ሳይኖር

ባለሙያ የሚሠራው ንጹሕ ጥገና ንቅለ ተከላ ነው። የተበላሸው ፋይል እንደ አካል ይያዛል፤ ከአምራቹ ከወረደው ጤነኛ ፋይል ውስጥ ባዮሱ ክፍል ብቻ ተነጥሎ ይወጣና በተበላሸው ቦታ ይገባል፤ ሲሪያል ቁጥሩና ቁልፉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። ማኔጅመንት ኤንጂኑም ከተበላሸ ያልተጀመረ ንጹሕ ቅጂ በትክክለኛው ቅንብር ይተካል። ጊዜ ይፈልጋል፣ ማንበብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

የሚሠራው አቋራጭ ሌላው ነው። የቦርዱ ቁጥር፣ ለምሳሌ በኮምፓል ቦርዶች ኤልኤ ብሎ፣ በሌኖቮዎቹ ብዙ ጊዜ ኤንኤም ብሎ የሚጀምረው፣ ይፈለግና ሌላ አገር ያለ ሰው ከሌላ ተመሳሳይ ማሽን ያነበበው ፋይል ይወርዳል፣ እንዳለ ይጻፋል። ስክሪኑ ይበራል። ደንበኛው ይከፍላል፣ ይሄዳል።

ከዚያ ምን ይሆናል? ማሽኑ የማያውቁትን ሰው ሲሪያል ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ የአምራቹን ዋስትናና ድጋፍ ሲጠይቁ የሌላ አገር ማሽን ሆኖ ይመጣል። ከአንድ ፋይል የዳኑ ሁለት ላፕቶፖች አንድ መሥሪያ ቤት ገብተው በገመድ ቢያያዙ ማክ አድራሻቸው አንድ ስለሆነ ኔትወርኩ ላይ ይጋጫሉ፤ የአይቲ ሠራተኛው ምክንያቱን ለማግኘት ቀናት ይፈጅበታል። ማኔጅመንት ኤንጂኑ ከሌላ ቦርድ ጋር አንዴ ተላምዶ የመጣ ስለሆነ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ ስክሪኑ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከባሰም ማሽኑ በየ30 ደቂቃው ራሱን ያጠፋል። «ከጥገና በኋላ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል» የሚል ቅሬታ ሲሰማ ሙቀት ከመጠርጠር በፊት እዚህ መመልከት ይበጃል።

የደህንነቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በ2018 የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ኢሴት ሎጃክስ የተባለውን፣ ቺፑ ላይ ራሱን የሚጽፍ የስለላ ሶፍትዌር በጥቃት ላይ እያለ አግኝቶ ይፋ አድርጓል። እዚያ የተቀመጠ ነገር ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን፣ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር አይወጣም። ማን እንዳነበበው ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል መጻፍ ይህን በር ከፍቶ መተው ነው። በተለይ ለባንክና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች እንዲህ ዓይነት ጥገና ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም ባይ ነኝ።

ሁሉም ጥቁር ስክሪን ፕሮግራመር አይፈልግም። ማሽኑ ራሱ የሚናገረው አለ፦ በበርካታ የዴል ላፕቶፖች ላይ የባትሪው መብራት 2 ጊዜ ብርቱካናማ፣ 2 ጊዜ ነጭ ሆኖ ብልጭ ካለ ባዮሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ዴል ላይ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ተጭኖ ቻርጀር መሰካት፣ ኤችፒ ላይ ደግሞ ከኪቦርዱ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«ቢ» ፊደልን ይዞ ማብራት የማዳኛውን መንገድ ይጠራል፤ የማስነሻው እምብርት ካልተነካ ከፍላሽ ወይም ከዲስክ ላይ ካለ ቅጂ ራሱን ይጠግናል። ብዙ አዳዲስ የዴስክቶፕ ቦርዶች ደግሞ ከኋላ ለዚሁ የሚጫን ቁልፍ አላቸው፤ ኤሱስ ባዮስ ፍላሽባክ ይለዋል፣ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ ፕላስ። ፕሮሰሰር ባይኖርበት እንኳ ከፍላሽ ላይ አንብቦ ይጽፋል። ቦርድ የሚገዛ ሰው ከመብራቱ ቀለም ይልቅ ይህን ቁልፍ ቢፈልግ ይጠቅመዋል።

ቦርዱ ድኖ ፋይሉ ሲቆለፍ

አሁን አሁን ከባዮሱ በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ ነው። 24ኤች2 ከተባለው ዕትም ወዲህ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲጀመር በአብዛኞቹ ማሽኖች ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል፤ ባለቤቱ እንደተቆለፈ እንኳ ሳያውቅ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። ቁልፉን የሚይዘው ቲፒኤም የተባለው የማሽኑ የምስጢር ማስቀመጫ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ቲፒኤም የራሱ ቺፕ የለውም፤ ማስታወሻው ያው የባዮስ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ ተጠርጎ በሌላ ፋይል ሲሞላ ቁልፉ አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ይነሳና ባለ 48 አሃዝ የማገገሚያ ቁጥር ይጠይቃል።

ቁጥሩ ያለው ላፕቶፑን መጀመሪያ ባስጀመረው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ ያ ሰው እዚያ ያለው የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ከመላኩ በፊት «ልሞክረው» ብሎ በራሱ ኢሜይል የከፈተው። እንግዲህ ለእሱ መደወል ነው። አካውንቱን ረስቶት ከሆነ በዚያ ዲስክ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍም፣ የሠርግ ፎቶም አልፏል፤ የትኛውም ጠጋኝ አይመልሰውም። ባዮስ ከመነካቱ በፊት ያ ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፤ ቢትሎከርንም ለጊዜው ማገድ ይቻላል።

የሚጠብበው በር

አምራቾች ለዚህ ሁሉ መልስ የላቸውም ማለት አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2018 ባወጣው መመሪያ ፈርምዌር (እንደ ባዮስ ያለ ቺፕ ላይ የሰፈረ ፕሮግራም) ራሱን እንዲጠብቅ፣ መነካቱን እንዲያውቅ፣ ከተበላሸም እንዲያገግም ጠይቋል። ኤችፒ ከዚያ ቀድሞ ሹር ስታርት የተባለውን አስገብቷል፤ ከዋናው ቺፕ ሌላ ለብቻው የተያዘ ቅጂ ስላለው ባዮሱ ተበላሽቶ ካገኘው ከዚያ ይመልሰዋል። ቁም ነገሩ ይህ የሚገኘው እንደ ኢሊትቡክ ባሉ ለድርጅት በሚሸጡ ማሽኖች ላይ መሆኑ ነው፤ ለተማሪ በሚሸጠው ርካሽ ላፕቶፕ ላይ አይደለም። ስለዚህ ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ኢሊትቡክ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ መብራት ሲሄድበት የመዳን ዕድሉ ሊሰፋ ይችላል። ገበያ ላይ «አዲስ ነው» የሚለው ቃል ከሚገባው በላይ የሚከበር ይመስለኛል።

በሌላ በኩል መቆለፊያው እየጠበቀ ነው። ከ2013 ጀምሮ የመጣው የኢንቴል ቡት ጋርድ የአምራቹን ቁልፍ አሻራ ሲሊኮኑ ላይ ያትማል፤ ፊርማው የማይገጥም ባዮስ ቢጻፍ ማሽኑ አይነሳም። ከሎጃክስ መሰሎች ይጠብቃል፤ የንቅለ ተከላ ጥገናውን ግን ያከብደዋል፣ የተፈረመበት ክፍል አንዲት ባይት መቀየር የለባትምና። ኤኤምዲም ተመሳሳይ አለው። ቲ2 የተባለው የአፕል የደህንነት ቺፕ ያላቸው ማክቡኮች ላይ ደግሞ ክሊፕ የሚደረግበት ነገር የለም፤ ፈርምዌሩ ሲበላሽ የሚድነው ሌላ ማክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ በአፕል ሶፍትዌር በኩል ነው። ለጥገናው ሁለተኛ ማክ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከቦርዱ ላይ የተነበበውን የራሱን ፋይል ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። የራሱ ፋይል ፊርማው ትክክል ነው፣ ማኔጅመንት ኤንጂኑ የራሱ ነው፣ ቁጥሮቹ የራሱ ናቸው፤ ቡት ጋርድም አይከለክለውም። ስለዚህ ጥገና ቤቶች አንድ ቀላል ነገር ቢለምዱ እላለሁ፦ ላፕቶፕ ለአቧራ ጽዳት፣ ለፔስት ወይም ለኪቦርድ ቅየራ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ቺፑን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ፋይሎቹን አወዳድረው፣ በቦርዱ ቁጥርና በቀኑ ሰይመው ለደንበኛው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ቢሰጡት። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ሊያስከፍሉበትም ይችላሉ። ደንበኛውም ፋይሉን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዳያስቀምጠው፣ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጠው መንገር ያስፈልጋል፤ የዊንዶውስ ቁልፉና ሲሪያል ቁጥሩ ውስጡ ናቸው። ላፕቶፑን ሲሸጠው ግን ፋይሉን አብሮ ለገዢው ያስረክበዋል።